ዲዛይን ለንግድና ለዕለት ኑሮ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በተለይ ለአነስተኛ ነጋዴ የተዘጋጀ ነው። ቡና ቆልቶ ለሚሸጥ፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቶ ለሚያሽግ፣ ካፌ ለሚከፍት፣ ልብስ ለሚሰፋ። ትልልቅ ድርጅቶች የራሳቸው ባለሙያ ስላላቸው እዚህ ብዙ አዲስ ነገር አያገኙም። መልሶቹ ውስጥ የእኔ አቋም በግልጽ ይታያል፤ የማይስማማ ዲዛይነር ቢኖር አይገርመኝም።

ዲዛይን ማለት ሎጎ ማለት አይደለም እንዴ?

ሎጎ አንዱ ክፍል ነው፤ ያውም ሰው እንደሚያስበው ትልቁ አይደለም። ደንበኛው የሚነካው፣ የሚያነበውና የሚቀመጥበት ነገር ሁሉ ዲዛይን አለው፤ አስቦበት የሠራው ሰው ይኑርም አይኑር። የካፌው ወንበር ከፍታ፣ ሜኑው ላይ ዋጋው የተጻፈበት ቦታ፣ ከረጢቱ ሲከፈት ዱቄቱ መፍሰስ አለመፍሰሱ፣ ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ፎቶ። ማንም ካላሰበባቸው በዘፈቀደ ይወሰናሉ እንጂ ሳይወሰኑ አይቀሩም።

«ሎጎ ሥራልኝ» ብሎ የሚመጣን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው «ደንበኛህ ዕቃህን መጀመሪያ የሚያየው የት ነው?» ብዬ ነው። ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ከሆነ ማሸጊያው ይቀድማል። መንገድ ላይ ከሆነ ታፔላው፣ ስልክ ላይ ከሆነ ፎቶው ይቀድማል። ሎጎው እነዚህ ላይ የሚያርፍ ምልክት ነው፤ የሚያርፍበት ነገር ከተበላሸ እሱ ብቻውን የሚያድነው ነገር የለም።

ሱቄ ትንሽ ናት። ገንዘቤን መጀመሪያ ምን ላይ ላውል?

መንገድ ዳር ከሆኑ ታፔላ ላይ።

የከተማችን ታፔላዎች ትልቁ ችግር ውበት ማጣት አይደለም፣ ወሬ ማብዛት ነው። በአንድ ባነር ላይ የድርጅቱ ስም በሁለት ቋንቋ፣ የአገልግሎት ዝርዝር፣ ሦስት ስልክ ቁጥር፣ ከኢንተርኔት የተወሰደ የበርገር ፎቶ፣ ከዚያ ደግሞ «ለሠርግና ለልደት ትዕዛዝ እንቀበላለን»። ሚኒባስ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ለማንበብ ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ነገር ብቻ ከያዘ ተሳክቶልዎታል፦ ምን እንደሚሸጡና ስምዎን። ስልክ ቁጥሩን በሩ ላይ በስቲከር ይለጥፉት፤ እዚያ ድረስ የመጣ ሰው ቆሞ ያነበዋል።

የታፔላ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ፤ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ከ3 ሜትር ርቀት ላይ በምቾት ይነበባል። እንደዚያ ከሆነ ከመንገዱ ማዶ፣ 30 ሜትር ርቆ ላለ ሰው ፊደሉ 25 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። ይህ ግምት የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ቅርጹ ውስብስብ በመሆኑ ከዚያ በላይ ቢሰጡት ይሻላል። ከመክፈልዎ በፊት ስሙን በወረቀት በትክክለኛው መጠን አሳትመው ግድግዳው ላይ ይለጥፉና መንገዱን ተሻግረው ይመልከቱ። ይህን የሚያደርግ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም፤ ያደረጉት ሁሉ ግን መጠኑን ጨምረዋል።

የሚሸጠው የታሸገ ምግብ ከሆነስ?

ያኔ ማሸጊያው ሱቅዎ ነው። እዚህ ላይ ከማማሩ በፊት ሥራውን መሥራቱ ይታያል።

በርበሬን ውሰዱ። ብዙ አዘጋጆች ገዢው ቀለሙን አይቶ እንዲገዛ ብለው ከፊት ለፊቱ ሙሉ በሙሉ በሚያሳይ ፕላስቲክ ያሽጉታል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የኢትዮጵያ ገዢ በርበሬን በዓይኑ ነው የሚመርጠው። ነገር ግን የበርበሬ ቀይ ቀለም ብርሃን አይወድም። መስኮት አጠገብ ወይም ደማቅ መብራት ሥር ለሳምንታት የቆመ ፓኬት ፊቱ ይገረጣል። ገዢውም «አሮጌ ነው» ብሎ ያልፈዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ብርሃን የማያሳልፍ ማሸጊያ ላይ ትንሽ መስኮት፣ እሷም ወደ ታች ወይም ከጀርባ ትሁን። ቀለሙን ማየት የሚፈልግ ገልብጦ ያየዋል።

የተቆላ ቡና ደግሞ ከተቆላ በኋላ ለቀናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ጥብቅ አድርገው ካሸጉት ከረጢቱ ይነፋል፣ አንዳንዴም ይተረተራል። ጥሩ የቡና ከረጢቶች ላይ የምትታየዋ ክብ ቀዳዳ ጋዙን ወደ ውጭ የምታስወጣ፣ አየርን ግን ወደ ውስጥ የማታስገባ ቫልቭ ናት። ዲዛይነሩ ይህን ካላወቀ የድርጅቱን ስም ልክ ቫልቩ የሚገባበት ቦታ ላይ ይጽፈዋል። የ«ቡ» ሆዷ መሀል ቀዳዳ የተበሳባት «ቡና» በዓይኔ አይቻለሁ።

የአማርኛው ጽሑፍ ለምን ከእንግሊዝኛው ያነሰ ያምራል?

ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለዚህ መልሱ ቢረዝም ይቅርታ። ችግሩ ፊደላችን ላይ ሳይሆን አያያዛችን ላይ ነው።

መጀመሪያ፣ እንግሊዝኛው ይመረጥለታል፣ አማርኛው ይለጠፍበታል። ዲዛይነሩ ለላቲኑ ከመቶ ፎንት መሀል ሲያማርጥ ይውልና ለአማርኛው ኮምፒውተሩ የሰጠውን ይቀበላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ዘመናዊ፣ አንዱ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላሉ። ለዚህ አሁን ሰበብ የለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ብዙ ውፍረት አለው፤ ከኖቶ የላቲን ፊደሎችም ጋር ይስማማል። አቢሲኒካ የብራና ጽሕፈት ለዛ አለው። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ማወፈሪያው። ፎንቱ የራሱ ወፍራም ቅርጽ ከሌለው ኮምፒውተሩ መስመሩን ዝም ብሎ ያደልበዋል። ላቲን ላይ ይህ አስቀያሚ ነው፤ አማርኛ ላይ ግን ትርጉም ያበላሻል። ሣልስና ኀምስን የሚለያቸው ከእግሩ በስተቀኝ ያለው ነገር ነው፤ ሣልሱ ጭረት አለው፣ ኀምሱ ቀለበት። ቀለበቷ በቀለም ስትሞላ ኀምሱ ሣልስ ይሆናል። «ኬክ ቤት» የሚለው «ኪክ ቢት» ሆኖ ይነበባል። ታፔላ ላይ ከፕላስቲክ ተቆርጠው የሚለጠፉ ፊደሎችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው፤ ቆራጩ ማሽን ትንሿን ቀለበት ሳይበሳት ያልፋል። የሙከራ ህትመት ሲመጣልዎ ሌላውን ትተው መጀመሪያ እነዚህን ቀለበቶች ይመልከቱ።

ሦስተኛ፣ መጎተት። ስሙ ቦታውን እንዲሞላ ብለው በስፋት የሚለጥጡት አሉ። ቋሚው መስመር ይወፍራል፣ አግዳሚው ባለበት ይቀራል፣ ፊደሉም የተረገጠ ይመስላል። ቦታ ካልሞላ በፊደሎቹ መካከል ትንሽ ክፍተት መጨመር ወይም መጠኑን ማስተካከል እንጂ መለጠጥ መልስ አይሆንም።

አራተኛ፣ አጻጻፉ ራሱ። ግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ለፊደላት ወደሚጠቀሙበት የጋራ ቁጥር፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ስውር ቁጥር ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። የድሮ ፎንት የለመዱ ማተሚያ ቤቶች ዛሬም አሉ። እርስዎ በስልክዎ ጽፈው የላኩትን ጽሑፍ ፕሮግራማቸው ስለማይቀበለው እንደገና ይጽፉታል። «ግብዓቶች» የሚለው «ግባቶች» ሆኖ አምስት ሺህ ስቲከር ላይ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ (አውትላይን) አስቀይረው፣ በፒዲኤፍ ይላኩ፤ ማንም እንደገና መተየብ የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። እንግሊዝኛ አንድን ቃል ጎላ ማድረግ ሲፈልግ በካፒታል ይጽፈዋል፤ እኛ በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ብቻ ነው ማጉላት የምንችለው። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን አቀማመጥ ሠርቶ አማርኛውን በላዩ መተካት አይሠራም። ከአማርኛው ይጀምሩ። የኮካ ኮላ ጠርሙስ ላይ ያለውን የአማርኛ ጽሑፍ አይታችሁ ከሆነ፣ የላቲኑ ውዝዋዜ ወደ ፊደላችን እንዴት እንደተሻገረ ታውቃላችሁ። ማንም አንባቢ ከሩቅ ሲያየው ሳያነበውም ያውቀዋል።

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ብጠቀም?

ለማን እንደሚሸጡ ይወስነዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ፍራንክፈርት ላይ ሲቆም ዙሪያው ያሉት የሌሎች አገሮች ጅራቶች ናቸው፤ ሦስቱ ቀለሞች ወዲያው ይለዩታል። መርካቶ ውስጥ ያለ ሱቅ ግን በእነዚሁ ቀለማት በተቀቡ መቶ ነገሮች መሀል ነው የሚቆመው። ቀለም በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ አይሆንም፤ ጎረቤትዎ ምን ቀለም እንዳለው አይተው ይምረጡ።

ጀበና፣ ላሊበላ፣ ጥለት... ባህላዊ ምልክት ማስገባት አለብኝ?

ግዴታ የለብዎትም። የአገር ውስጥ የቡና ማሸጊያዎችን አንድ ላይ ደርድረው ቢያዩ ጀበና፣ ስኒ፣ የቡና ቅርንጫፍ፣ እንደገና ጀበና ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ያምራል፣ አንድ ላይ ግን የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም።

ባህል መጠቀም ከፈለጉ ወደ ዝርዝሩ ይውረዱ። ጀበና ራሱ እንደ አካባቢው ይለያያል፤ በጎኑ መቅጃ አፍ ያለው አለ፣ የሌለው አለ፣ አንገቱ የረዘመ አለ፣ እጀታው ዝቅ ያለ አለ። የእርስዎ ቡና ከየት ነው የመጣው? የዚያ አካባቢ ሰው በምን ያፈላል? ይህን ጠይቆ የተሠራ ምልክት ከኢንተርኔት ከተወሰደ ጀበና ጋር አይምታታም።

ጥለትን በተመለከተ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ በእጁ የሠራውን ጥለት ፎቶ አንስቶ በፋብሪካ ጨርቅ ላይ ማሳተም ባለሙያውን ገበያ መንጠቅ ነው። ገበያው በእንዲህ ዓይነት የታተመ ጨርቅ ተሞልቷል፤ ሐበሻ ቀሚስ ይመስላል፣ ሲነኩት ግን አይደለም። ጥለቱን ለማሸጊያዎ ከፈለጉት ሸማኔ ፈልገው፣ ከፍለው፣ ለእርስዎ ብቻ የሚሆን አሠሩ። ወጪው ከአንድ የፎቶ ቀረጻ ብዙም ላይበልጥ ይችላል።

ዲዛይን እውነት ዋጋ ይጨምራል ወይስ ወጪ ብቻ ነው?

ይጨምራል፤ የሚሸጠው ነገር ደህና ከሆነ። መጥፎ ዕቃን ያሳመረ ማሸጊያ አንድ ጊዜ ያሸጥልዎታል፣ ሁለተኛ ጊዜ ግን ያንኑ ማሸጊያ ሲያዩ ሰዎች ይሸሻሉ።

ሁለት ምሳሌ እነሆ። አንደኛው በረባሶ ነው። ከመኪና ጎማ የሚሠራውን ይህን ጫማ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ የድሃ ጫማ ተደርጎ ነበር የሚታየው። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ሰፈር ውስጥ ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትመሠርት ያንኑ የጎማ ሶል ይዛ፣ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጨርቅ ጨምራ፣ ቅርጹን ለዛሬ ተጫሚ አስተካክላ ወደ ውጭ ገበያ አወጣችው። ጎማው ያው ጎማ ነው። የተለወጠው ስፌቱ፣ ቅርጹ፣ ስሙና የሚነገርበት ታሪክ ነው። «ከድሮ ጎማ የተሠራ» የሚለው እዚህ ማሳፈሪያ የነበረ ሲሆን እዚያ መሸጫ ምክንያት ሆነ።

ሁለተኛው ቡናችን ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ እንደ ንግድ ምልክት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከአሜሪካው የቡና ድርጅት ከስታርባክስ ጋርም ክርክር ተነሣ፤ ነገሩ በዓለም ሚዲያ ላይ ከረመ፤ በ2007 ስምምነት ተፈረመ። ክርክሩ ስለ ስም ነበር፤ ማንም ስለ ፍሬው ጥራት አልተከራከረም። ያ ስም ከረጢቱ ላይ ሲጻፍ ቡናው በውድ ይሸጣል። ጥያቄው ታዲያ ትርፉ ለማን ነው የሚለው ነበር። «ስም ምን ያደርጋል» ለሚል ነጋዴ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ሎጎዬ አርጅቷል። ልቀይረው?

ማን ነው የሰለቸው? እርስዎ ከሆኑ አይቀይሩት። ባለቤቱ ሎጎውን በቀን ሃያ ጊዜ ስለሚያየው መጀመሪያ የሚሰለቸው እሱ ነው። ደንበኛው ገና እየለመደው ሊሆን ይችላል።

ትሮፒካና የተባለው የአሜሪካ የብርቱካን ጭማቂ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ ማሸጊያውን ቀየረ። የቀድሞው ላይ ስትሮ የተሰካበት ብርቱካን ነበረበት። አዲሱ ላይ በብርጭቆ የተቀዳ ጭማቂ ተተካ። ባለሙያዎች የደከሙበት ንጹሕ ሥራ ነበር። ገዢው ግን መደርደሪያው ላይ ፈልጎ አጣው፤ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሽያጩ 20 በመቶ ያህል ወረደ፤ ድርጅቱም የቀድሞውን መለሰ። ሰዎች ማሸጊያን አያነቡትም፤ እጃቸው ነው የሚያውቀው።

መቀየር የግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሎጎው በስልክ ላይ ሲያንስ የማይታይ ከሆነ፣ ያጥሩት እንጂ አያጥፉት። ቀለሙን ይተዉ፣ ዝርዝሩን ይቀንሱ።

ዲዛይን ለንግድ እሺ። የዕለት ኑሮን ይለውጣል የሚባለው ግን ማጋነን አይደለም?

ሰዓትን እንይ። አንድ የስልክ መተግበሪያ «ቀጠሮዎ 2:00 ላይ ነው» ብሎ መልእክት ይልካል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ ሁለት፣ ማለትም ከቀኑ ስምንት ሰዓት? በእኛ አቆጣጠርና በፈረንጁ መካከል ያለው ስድስት ሰዓት አንድን በሽተኛ ግማሽ ቀን ወንበር ላይ ያስቀምጣል። «ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ምንም ወጪ የለውም፤ የጻፈው ሰው ግን ስለ አንባቢው ማሰብ ነበረበት። የልደት ቀን መሙያ ቅጽም እንዲሁ ነው። አሥራ ሦስተኛውን ወር የማያውቅ ቅጽ ጳጉሜ ላይ የተወለደን ሰው ይዋሸዋል፣ ወይም እንዲዋሽ ያስገድደዋል።

ቴሌብርን ተመልከቱ። መተግበሪያው ለስማርት ስልክ ነው፤ ግን *127# ብሎ ተራ ስልክ ላይም ይሠራል። ምንም የሚያምር ነገር የለውም፤ ቁጥርና ዝርዝር ብቻ ነው። እኔ ግን ከመተግበሪያው ይልቅ ይህን አደንቃለሁ፤ የሠራው ሰው ገጠር ያለችውን፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ይዛ የምትነግድ ሴት አልረሳትም።

የሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቀለማቸው ከሩቅ ታክሲ መሆናቸውን ይነግርዎታል፣ ወዴት እንደሚሄዱ ግን የሚነግርዎ የረዳቱ ድምፅ ነው። «ቦሌ ቦሌ ቦሌ!» ዲዛይኑ ያልሠራውን ሥራ የሰው ጉሮሮ ይሠራዋል። መስማት ለተሳነው ወይም ለከተማው እንግዳ ለሆነ ሰው ግን ሥርዓቱ ግማሹ ጎድሏል።

ካንቫ ወይም ኤአይ ከበቃኝ ለምን ዲዛይነር እከፍላለሁ?

ለዕለት ፖስት፣ ለበዓል መልካም ምኞት፣ ለዋጋ ዝርዝር ካንቫ (ማንም በስልኩ በራሱ ዲዛይን የሚሠራበት መተግበሪያ) ይበቃል። ለሎጎ አይበቃም። የካንቫ የተዘጋጁ ሎጎዎችን ሌላም ሰው ሊጠቀምባቸው ስለሚችል እንደ ንግድ ምልክት ሊያስመዘግቧቸው አይችሉም።

ኤአይ ሐሳብ ለማፍለቅ ጥሩ ነው። አማርኛ ጽሑፍ ያለበት ምስል እንዲሠራ ሲታዘዝ ግን ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስል፣ ፊደል ያልሆነ ነገር ያወጣል። ያንን ሳያነብ ታፔላ ያደረገ ሰው አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? አለ።

ሎጎው የማን ንብረት ነው? ማስመዝገብስ አለብኝ?

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል። ንግድ ቢሮ ሄደው ያስመዘገቡት የንግድ ስም ነው። የንግድ ምልክት ግን በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት የሚጸና ሲሆን በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ንግድ ፈቃድ ስላለዎት ብቻ ምልክቱ የእርስዎ ሆኗል ብለው አይተኙ። ማሸጊያ ከማሳተምዎ በፊት ስሙ ቀድሞ የተያዘ መሆን አለመሆኑን እዚያው ያጣሩ፤ ከታተመ በኋላ ሲታወቅ ወጪው ሌላ ነው።

የዕቃው ቅርጽ ራሱ አዲስ ከሆነ፣ ለምሳሌ የተለየ ጠርሙስ ወይም ወንበር ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 የኢንዱስትሪ ንድፍ ጥበቃ አለ።

ከዲዛይነሩ ጋር በቃል አይስማሙ። ሙሉ ክፍያ ሲፈጸም መብቱ ወደ እርስዎ እንደሚተላለፍና ዲዛይነሩ ሥራውን በራሱ ስብስብ ውስጥ ማሳየት እንደሚችል የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ ሁለታችሁንም ከጭቅጭቅ ያድናል።

ስንት ያስከፍላል?

ቁጥር ልነግርዎ አልችልም፤ ዋጋው በየወሩ ይለወጣል። የሚለያየው ግን በሦስት ነገር ነው፦ ስንት ነገር እንደሚሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደሚስተካከል፣ ዲዛይነሩ ገበያዎን ለማየት ጊዜ ይወስድ እንደሆነ። «በአንድ ቀን ሎጎ» የሚለው ዋጋ ሦስተኛውን አይጨምርም። የእርማት ዙር ስንት እንደሆነ አስቀድመው ይስማሙ። «ትንሽ ብቻ አስተካክልልኝ» የምትባለዋ ዓረፍተ ነገር ወዳጅነት አፍርሳለች።

ለዲዛይነሩ ምን ይዤ ልሂድ?

የተፎካካሪዎችዎን ዕቃ ገዝተው ይሂዱ። ፎቶ ሳይሆን ዕቃውን። ጠረጴዛ ላይ አንድ ላይ ሲደረደሩ የእርስዎ የት እንደሚለይ ሁለታችሁም ታያላችሁ። ከዚያ ስለ ገዢው ይንገሩት፦ ዕድሜው ስንት ነው፣ ለራሱ ነው ወይስ ለስጦታ የሚገዛው፣ ማንበብ ይችላል ወይስ በቀለም ነው የሚለየው? «ዘመናዊና ማራኪ ይሁን» አይበሉት፤ ማንም ያረጀና አስጠሊታ ሥራልኝ ብሎ አያውቅም።

ውሳኔውን የሚሰጠውም አንድ ሰው ይሁን። ባለቤቱ፣ ሚስቱ፣ አጎቱና ሒሳብ ሠራተኛዋ በየተራ ቀለም ሲቀይሩ የሚወጣው ሥራ የማንም አይመስልም።

ወደ ውጭ መላክ አስባለሁ። ማሸጊያው ያው መሆን ይችላል?

አይችልም። ወደ አሜሪካ የሚሄድ የታሸገ ምግብ በሕግ የሚፈለጉትን መረጃዎች በእንግሊዝኛ መያዝ አለበት። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ አለ፤ መለያው ላይ በሌላ ቋንቋ የቀረበ መግለጫ ካለ፣ እነዚያ ግዴታ የሆኑ መረጃዎች በዚያም ቋንቋ እንዲገቡ ደንቡ ይጠይቃል። «ንጹሕ የሀገር ቤት በርበሬ» ብለው በአማርኛ ለጌጥ ሲጽፉ የግብዓት ዝርዝሩም በአማርኛ ሊያስፈልግ ነው ማለት ነው። ሳውዲና ኤምሬትስ ደግሞ አረብኛ ይፈልጋሉ። ቦታውን ከመጀመሪያው ይተዉ፤ በኋላ በስቲከር የሚለጠፍ አረብኛ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ሎጎው ላይ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ምን ልረከብ?

በቴሌግራም የተላከ ጄፔግ አይበቃም። ሎጎውን የቱንም ያህል ቢተልቅ በማይደበዝዝ ቬክተር ፋይል፣ በፒዲኤፍ፣ እንዲሁም ጀርባው ባዶ በሆነ ፒኤንጂ ይቀበሉ። አንዱ ባለቀለም፣ አንዱ በጥቁር ብቻ፣ አንዱ በነጭ ብቻ ይሁን፤ ማኅተም ሲያሠሩ ባለቀለሙ አይጠቅምዎትም። የቀለሞቹን ቁጥር ለህትመትና ለስክሪን ለየብቻ ያጽፉ፤ ስልክ ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲታተም ይደበዝዛል። የተጠቀመበትን ፎንት ስምም ይጠይቁ። ከዚያ ሁሉንም በኢሜይል ለራስዎ ይላኩት፤ ፍላሽ ይጠፋል፣ ዲዛይነሩም ስልክ ይቀይራል።